የአባትሽን ሸክላዎች ባሕር ዳር ላይ ለማድመጥ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። ከአባትሽ የወረስሽው አንድ ሳጥን ሸክላ ባሕር ዳር ቤትሽ ገብቷል፤ አሜሪካ ያለው አጎትሽ ደግሞ ማጫወቻውን ሊልክልሽ ቃል ገብቷል። «ሁሉም ዘፈን ስልኬ ላይ እያለ ድካሙ ያዋጣል? እናንተስ የትኞቹን አልበሞች ትወዳላችሁ?» ብለሻል። ያዋጣል እንጂ! በሙሉ ልብ ነው የምመልስልሽ። ነገር ግን አጎትሽ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ስለ ሞተሩ ጠይቂው።

ብዙዎቹ የድሮ የአሜሪካ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው በቀጥታ ከመብራቱ ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 50። ትራንስፎርመር ብትገዢ ቮልቱን ከ220 ወደ 110 ያወርድልሻል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። ስለዚህ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር የነበረበት ሸክላ 28 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል፤ የአራት ደቂቃ ዘፈን አምስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ የዘፋኙም ድምፅ ወፍሮ የሌላ ሰው ይመስላል። ብዙ ሰው ሸክላው ተበላሽቷል ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ምክንያት ነው። በአዳፕተር የሚሠራ፣ አዳፕተሩም ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ማጫወቻ ይላክልሽ፤ ያኔ ይህ ጣጣ አይነካሽም። አምፕሊፋየርሽ የሸክላ መግቢያ ከሌለው፣ ማጫወቻው የመርፌውን ደካማ ድምፅ ቀድሞ የሚያጎላ የራሱ ማጉያ (ፎኖ ፕሪአምፕ) ያለው መሆኑንም አረጋግጪ፤ አለበለዚያ ድምፁ ቀጭንና ደካማ ይሆንብሻል።

አሁን ወደ ደስታው ልምጣ። ሳጥንሽ ውስጥ የሚበዙት ትንንሾቹ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ይመስሉኛል፤ የአባትሽ ዘመን በአገራችን የአልበም ዘመን አልነበረምና። እ.ኤ.አ. በ1948 (ቀጥሎ ያሉትንም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ወጣቱ አምሐ እሸቴ በ1969 ይህን ተጋፍቶ የራሱን ማሳተሚያ ጀመረ፤ እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና ጥቂት አልበሞችን አወጣ። እኛ ዛሬ የምንኮራበት ድምፅ ብዙው የተረፈልን በእነዚህ ትንንሽ ሸክላዎች ነው።

አንዱን አንሺና ጫኚው። መርፌው ሲያርፍ መጀመሪያ የአቧራው መንቋቋት ይሰማል፤ ወዲያው ከበሮና ቤዝ አብረው ይገባሉ። በአንድ ገጽ ላይ የሚያዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሙዚቀኞቹ ጊዜ አያባክኑም። ትዝታን የመሰለ ረጅም ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በጀርባው ይሆናል፤ ቀሪውን ለመስማት ተነሥተሽ መገልበጥ አለብሽ። እኔ ይህን መነሣት እወደዋለሁ። በስልክ ዘፈን የሚመጣው ሳይጠራ ነው፤ በሸክላ ግን እያንዳንዱን መርጠሽ፣ ቀጥለሽ ምን እንደምትሰሚ አስበሽ ታስገቢዋለሽ። 

ከአልበም ካልሽኝ ቀድሜ የምጠራው የጌታቸው መኩሪያን «የኢትዮጵያ ሳክስ ንጉሥ» ነው፤ የ1972 ሥራ ነው። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ነው የሚያወርደው። በጎጃም ሠርግና ድግስ ላይ ሽለላ ሰምተሽ ካደግሽ ማንም ሳያስረዳሽ ታውቂዋለሽ፦ የፎካሪው መንጎራደድ፣ ቃሉን መጎተቱ፣ ድንገት መቆጣቱ ሁሉ በትንፋሹ ውስጥ አለ። በስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ስሰማው ጩኸት ብቻ ነበር፤ በሸክላ ግን የመሣሪያው ስፋት፣ ትንፋሹ ከንፈሩ ላይ ሲሻክር ሳይቀር ይደርሰኛል።

ቀጥሎ ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ በ1977 ያወጡት «ቸ በለው»። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ዜማ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዋናው እትም ዋጋው አይቀመስም፤ በ2014 እንደገና የታተመው ግን ይገኛል፤ አጎትሽ ከማጫወቻው ጋር ቢያደርገው ትልቅ ስጦታ ነው። እንግዳ ሲመጣ፣ የዘጌ ቡና እየተፈላ፣ ከዚህ የተሻለ የሚጫወት አላውቅም። የሙላቱ አስታጥቄ የ1972ቱ የኒውዮርክ ሥራ ብዙ ስለተወራለት እኔ አልጨምርበትም፤ ያዢው ብቻ።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ግን ብቻሽን ስሚው። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ ነው የታተመው። በድምፆቹ መካከል ባዶ ቦታ ስለሚተዉ ማንኛዋም ቆሻሻ ጎልታ ትሰማለች፤ ስለዚህ ይህን ሸክላ ከሁሉ አስበልጠሽ በንጽሕና ያዢው።

ስለ አያያዝ፦ የጣና ዳር እርጥበት በክረምት የካርቶን ሽፋኑን ያሻግታል፤ የሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ በቀጥታ ካረፈበት ሸክላውን ያጣምማል። መጻሕፍት እንደሚደረደሩ አቁመሽ፣ ከመስኮትና ከግድግዳ አርቀሽ አስቀምጪ፤ አግድመሽ አትደራርቢ። የቆሸሸውን በተጣራ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ፣ የመስመሩን አዙሪት ተከትለሽ ጥረጊ፤ መካከሉ ላይ ያለው ወረቀት አይራስ። 78 የሚል ከባድ ሸክላ ካገኘሽ አልኮል አታስነኪው፣ ያሟሟዋል፤ በተራው መርፌም አታጫውቺው። መብራት ሲጠፋ ዘፈኑ ኃይሉ እንዳለቀ እንዝርት እየከበደ ይወርዳል፤ ያኔ ክንዱን በማንሻው አንሥተሽ ማረፊያው ላይ መልሺው፤ መብራቱ እስኪመጣ መርፌው ሸክላው ላይ ተኝቶ አይቆይ።