«መንግሥት የትኛው ላይ አድርጉ ነው የሚለው?»

ሎስ አንጀለስ አጠገባችን የሚኖሩ አንዲት እናት ባለፈው ምርጫ ሰሞን የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይዘው መጡ። ከላይ የከተማው ዓርማ አለ፣ ከሥሩ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሕፃን አቅፏል። «ልጄ፣ መንግሥት የትኛው ላይ አድርጉ ነው የሚለው?» አሉኝ።

አልፈረድኩባቸውም። እኛ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከቀበሌ ከመጣ ትእዛዝ ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን።

ወረቀቱ «ይሁን በሉ» አይልም። ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው ታክስ ካልጸደቀ ምን እንደሚቀር ብቻ ይዘረዝራል። ለስንት ዓመት እንደምንከፍል ግን የለበትም። የታተመውም በእኛው ገንዘብ ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን እወቁ። በካሊፎርኒያ መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ መረጃ መስጠት ይችላል፣ ለአንድ ወገን መቀስቀስ ግን አይችልም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆች 1976 የወሰነው ነው። ድንበሩ ግን ቀጭን ነው። በ2009 እዚሁ ካሊፎርኒያ ያለው የሳሊናስ ከተማ አንድ ታክሱ በሕዝብ ድምፅ ቢሰረዝ የትኞቹ አገልግሎቶች እንደሚቋረጡ ለነዋሪው መግለጹን ያው ፍርድ ቤት እንደ መረጃ ቆጥሮለታል።

የራሳችን የሎስ አንጀለስ ካውንቲስ (ብዙ ከተሞችን ያቀፈው አስተዳደር)? በ2017 ለቤት አልባዎች መርጃ የሚሆን የሩብ በመቶ የሽያጭ ታክስ፣ «ሜዠር ኤች» የተባለው፣ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ካውንቲው በሕዝብ ገንዘብ ማስታወቂያ አስነገረ። የግብር ከፋዮች ማኅበር «ይህ ቅስቀሳ ነው» ብሎ ከሰሰው፣ ነገሩ በ1.35 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ያም የወጣው ከሕዝብ ካዝና ነው። ዓላማው እኔንም ያሳዝነኛል፣ መንገድ ላይ የሚያድር ሰው በየቀኑ አያለሁ። ግን «አይሆንም» የሚለው ጎረቤቴም ታክስ ከፋይ ነው። የእሱን ገንዘብ በእሱ ሐሳብ ላይ ማዝመት ልክ አይደለም።

እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ማን እንደከፈለበት እዩ። ከዚያ በፖስታ የሚላክላችሁን የመራጮች መጽሔት ክፈቱ። የካውንቲው ወይም የከተማው ጠበቃ የጻፈው ገለልተኛ ማብራሪያ አለበት፣ የደጋፊና የተቃዋሚ ክርክር ከቀረበም ጎን ለጎን ታገኙታላችሁ። (ዜግነት ያልወሰዳችሁ ግን ምንም ቢላክላችሁ ድምፅ አትስጡ፣ ጣጣው ከባድ ነው።)

ከእኚያ እናት ጋር ቡና እየጠጣን ሁለቱንም ወገን በአማርኛ እያነበብኩላቸው ተቀመጥን። በመሀል አስቆሙኝ። «ዓመቱን ፈልግልኝ» አሉ። ከኋላ፣ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈው ውስጥ አገኘነው። መነጽራቸውን አደረጉና ብዕሩን ተቀበሉኝ።