ተንቀሳቃሽ ጥብስ ለሠርግና ለድግስ፦ ባለ ፍሙ ይመልሳል

ባለ ፍሙ፦ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ለሠርግ፣ ለልደትና ለመሥሪያ ቤት ዝግጅት ሜዳ ላይ ሥጋ በፍም እጠብሳለሁ። ወደዚህ ሥራ መግባት የምትፈልጉ ስለበዛችሁ ጥያቄያችሁን እዚህ አምጡ። ስለ እሳትና ስለ ሥጋ እስኪሰለቻችሁ እናገራለሁ። ስለ ግብር አከፋፈልና ስለ ማስታወቂያ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አታጡም። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር፦ የተያያዘ ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም።

ጉርድ ሾላ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በትንሽ ካፒታል ልጀምር አስቤያለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?

ባለ ፍሙ፦ ትንሽ ማለት ስንት ነው? ለስንት ሰው ልታበላ ነው? መኪና አለህ? ይህን ጽፈህ ተመለስ።

ሠርገኛው፦ ብየዳ ቤት መጥበሻ ላሠራ ነው። ከግማሽ በርሜል እንሠራልሃለን አሉኝ። ያዛልቃል?

ባለ ፍሙ፦ ያዛልቃል፤ መጀመሪያ ግን በርሜሉ ምን ተይዞበት እንደነበር ጠይቅ። የምግብ ዘይት ከሆነ ሥጋ ሳትጭንበት በኃይለኛ እሳት ደጋግመህ አቃጥለው፣ ቀለሙም ዘይቱም ይውጣ። ኬሚካል የነበረበትን በነጻ ቢሰጡህም አትንካ። ፍርግርጉ ዚንክ ከተቀባ ሽቦ እንዳይሠራ ቆመህ ተቆጣጠር። ዚንክ ሲግል የሚተነው ጭስ ጠባሹን ያሳምማል።

አሁን ወደ እሳቱ። የግራር ከሰል ከባድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይያያዛል፣ ፍሙም ይቆያል። የባሕር ዛፍ ከሰል ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም አመድ ይሆናል፤ ለማቀጣጠያ እንጂ ለሙሉ ድግስ አይሆንም። ስትገዛ ሁለት ቁራጭ አንሥተህ አጋጨው። በደንብ የከሰለው ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ ድምፁ የታፈነው ገና እንጨትነት አለው፣ ሲጨስብህ ይውላል። በጭራሮ አያይዘው። ላምባና ፌስታል ሽታቸው ሥጋው ላይ ይቀራል፤ እንግዳው ምን እንደቀመሰ ባያውቅም ሁለተኛ አይደግምም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከበርሜሉ ሥር ሰፋ ያለ፣ መክደኛ ያለው የአየር ቀዳዳ አስወጣ። ከሰሉን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ለኩስ። ሥጋ የሚጫነው ጥቁሩ ጠፍቶ ከላይ ነጭ አመድ ሲለብስ ነው።

ፍሙን በሙሉ በርሜሉ ላይ አታንጥፈው። ወደ አንድ ጎን ሰብስበው፣ ሌላው ጎን ባዶ ይሁን። ጮማ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ ነበልባል ይነሣል። ነበልባል ሥጋውን ያጠቁረዋል እንጂ አያበስለውም። ያን ጊዜ ሥጋውን ወደ ባዶው ጎን ትገፋዋለህ፣ እሳቱ ሲረጋ ትመልሰዋለህ። ውኃ የሚረጩ አሉ፤ አመዱን አንሥተው ሥጋው ላይ ያለብሱታል። የጥብስ ቅጠሉንም መጨረሻ ላይ ጣል አድርገው፤ ቀድሞ ከገባ አርሮ ይመራል።

ቤተል፦ እንግዶቹ ክርስቲያንም ሙስሊምም ሲሆኑ እንዴት ያደርጋሉ?

ባለ ፍሙ፦ ሁለት መጥበሻ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት የበረዶ ሣጥን፣ ሁለት መቆንጠጫ። ሥጋው ብቻ ተለይቶ መቆንጠጫው አንድ ከሆነ ምንም አልተለየም። እኔ የአንዱን ዕቃ እጀታ በቀይ፣ የሌላውን በአረንጓዴ ቀለም ቀብቻለሁ፤ ጠባሾቹም ቦታ አይለዋወጡም። አራጁንና የመጣበትን ቄራ ለጋባዡ ቀድመሽ ንገሪ። አጥቤ ለሌላው እጠቀምበታለሁ የሚል ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ።

የካው፦ ፈቃድ እንዴት ይወጣል?

ባለ ፍሙ፦ ወረዳህ ሂድ። የንግድ ፈቃድና የጤና ምርመራ ወረቀት ያስፈልግሃል፤ ዝርዝሩን እነሱ ይነግሩሃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ለሐበሻ ሠርግ ልጀምር ብል የእርስዎ አሠራር ይሠራል?

ባለ ፍሙ፦ እሳቱ እዚያም እሳት ነው። ሕጉን ግን የካውንቲሽን ጤና ቢሮ ጠይቂ እንጂ እኔን አትጠይቂ።

አያት፦ በጉን ጠዋት ደጅ ላይ አርደን ለምሳ ብንጠብሰውስ? ሰው ትኩስ ሥጋ ይወዳል።

ባለ ፍሙ፦ አይሆንም። ሥጋ ከታረደ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፤ ጡንቻው ይጨብጣል። ያን ጊዜ ፍም ላይ ካወጣኸው የሚታኘክ እንጂ የሚዋጥ አይደለም። በጉ አንድ ሌሊት በብርድ ይደር። የበሬው ብዙ ቀን ቢቆይ ይሻላል፤ ፍሪምባና ወርች ደግሞ ቢቆዩም ቀስ ብሎ የሚያበስል እሳት ይፈልጋሉ። ለፍም ሽንጡን ያዝ።

ቁርጥ ወዳጅ፦ ይቅርታ አድርግልኝና ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው። ቁርጥ የምንበላው ትኩሱን ነው፤ ደግሞ ከቅቤ ይለሰልሳል። ሥጋ ካደረ ምኑ ሥጋ ነው?

አያት፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

የዱከም ልጅ፦ ትኩስ ሥጋ ማለት ዱከም ነው። ከአዲስ አበባ ሰው ተሰልፎ የሚመጣው ለምን ይመስላችኋል?

ቁርጥ ወዳጅ፦ ዱከም ድሮ ቀረ። አሁን ቢሾፍቱ ነው።

የዱከም ልጅ፦ ቢሾፍቱ ለዓሣ ካልሆነ…

ባለ ፍሙ፦ ዱከምንና ቢሾፍቱን ሌላ ቦታ አስታርቁ። ቁርጥ የሚለሰልሰው ጡንቻው ሳይጨብጥ ስለሚበላ ነው። በዚያ ልክ ነህ። ሜዳ ላይ ግን ታርዶ፣ ተገፍፎ፣ ተጭኖ፣ ፍሙ እስኪደርስ ያ ሰዓት አልፏል። ስለዚህ ወይ ወዲያው ትበላዋለህ ወይ ታሳድረዋለህ፤ መሐሉ ላይ ያለው ሰዓት ለጥብስ አይሆንም። ሜዳ ላይ ቁርጥ አላቀርብም፤ የኮሶ ትል ድግስ አይመርጥም።

ጀሞ፦ ለ100 ሰው ስንት ኪሎ ይበቃል? ዋጋውስ?

ባለ ፍሙ፦ ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው በዓል አይሠራም። ኪሎውን ልንገርህ። ዶሮ ወጥና ሌላ ምግብ ካለ 20 ኪሎ አጥንት የሌለው ጥሬ ሥጋ፣ ጥብሱ ብቻ ከሆነ 30 ኪሎ። ፍም ላይ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉ ይቀንሳል፤ ዋጋ ስታወጣ በጥሬው ሳይሆን በተረፈው አስላ። በቁሙ 25 ኪሎ የሚመዝን በግ ታርዶ ከነአጥንቱ 11 ኪሎ ገደማ ቢወጣው ነው። 25 ኪሎ ሥጋ የገዛ የመሰለው ብዙ ሰው አይቻለሁ።

ኮተቤ፦ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አለ?

ባለ ፍሙ፦ የለም፤ የቀን መቁጠሪያውን ሳያይ መኪና የሚገዛ ሰው ያሳዝነኛል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሠርግ የለም፣ ሥጋ የለም። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ፣ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ። በዚህ ላይ ክረምቱ አለ። የሚሠራው ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ መግቢያ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን። በዚያ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ሳምንቱ ሙሉ ያንተ ነው። በቀረው ጊዜ የሙስሊም ሠርግ የምትይዝበት የተለየ ዕቃ ይኑርህ፤ ለቤተል የጻፍኩትን አንብብ። የጾም ጥብስም አለ፤ ድንች፣ ቃሪያ፣ እንጉዳይ። ሰው ይበላዋል እንጂ ደግሞ አይጠራህም።

ሠርገኛው፦ ዶሮስ?

ባለ ፍሙ፦ የምግብ ቴርሞሜትር ከሌለህ ተወው። መሐሉ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይደርስ አታውጣው፤ በዓይን አይታወቅም። ጥሬው በበረዶ ሣጥን ከ5 ዲግሪ በታች ይቆይ፣ ውኃው ሌላው ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ ከሣጥኑ ሥር ይቀመጥ።

ጉርድ ሾላ፦ ጋሼ፣ ተመለስኩ። ካፒታሌ መጠነኛ ነው።

ባለ ፍሙ፦ ከትንሽ ወደ መጠነኛ አደግህ ማለት ነው። መኪና አለህ ወይስ የለህም?

ጉርድ ሾላ፦ የወንድሜ ፒክአፕ አለ።

ባለ ፍሙ፦ እንዲህ አትለኝም? ለ50 ሰው ጀምር። አንድ በርሜል፣ አንድ የበረዶ ሣጥን፣ አንድ ረዳት። እጅ መታጠቢያ ውኃህን ከቤትህ ይዘህ ሂድ፤ ሜዳ ላይ ቧንቧ አለ የሚልህን ጋባዥ አትመን።

ኮተቤ፦ ዝናብ ቢመጣ መጥበሻውን ለጊዜው ድንኳን ውስጥ ብናስገባው ችግር አለው?

ባለ ፍሙ፦ መጀመሪያ የጻፍኩትን ያነበበ ሰው አለ? አይገባም። ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ሰው ራሱን አመመኝ እያለ ይወድቃል። የድንኳኑን አንድ ጎን ገልጠናል ብሎም ማምለጫ የለም። አራቱም ጎን ክፍት የሆነ፣ ከሰው ቁመት በላይ የቆመ የቆርቆሮ ጣሪያ ከመጥበሻው ጋር አሠራ። እሱ ከሌለ ፍሙን አጥፍተህ ሥጋውን ለወጥ ሠሪዎቹ አስረክብ።