ጥያቄና መልስ፦ ኤሌክትሪሺያን በአልማዙ አገር

ስለ ካናዳ ሰሜን የአልማዝ ማውጫዎች የምትጽፉልኝ በዝታችኋል። ኤካቲ፣ ዲያቪክና ጋቾ ኩዌ ሦስቱም ያሉት ከየሎውናይፍ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ሠራተኛው በአውሮፕላን ገብቶ በአውሮፕላን ይወጣል። ወደ ጥያቄዎቹ ልግባ።

«አዲስ አበባ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። አንድ ደላላ ገንዘብ ከከፈልኩት አልማዝ ማውጫ እንደሚያስቀጥረኝ ነገረኝ። ልክፈል?»

አትክፈል ወንድሜ። የካናዳ ቀጣሪ የውጭ አገር ሠራተኛ ሲያስመጣ የቅጥሩን ወጪ ከሠራተኛው ኪስ መውሰድ አይፈቀድለትም። ገንዘብ አምጣ ያለህ ሰው ማንነቱን በራሱ አፍ ነግሮሃል።

እዚያ የሚፈለገው «ሬድ ሲል» የሚባለው፣ በመላ ካናዳ የሚሠራው የሙያ ማረጋገጫ ነው። ፈተናው ከ70 በመቶ በታች አያሳልፍም። በልምድህ ብቻ ልፈተን ካልክ ደግሞ የሠራኸው ሰዓት በቀጣሪ ደብዳቤ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ አሁን ካለህበት ፋብሪካ ደብዳቤ አጽፍ። «ታታሪና ትሁት ሠራተኛ ነው» የሚለው ለዚህ አይረባም። ሞተር፣ ፓኔል፣ ትራንስፎርመር እያለ ከነሰዓቱ ይዘርዝር።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዝ። በአውሮፓውያኑ ደንብ ሰማያዊ ሽቦ ኒውትራል (የኮረንቲው መመለሻ) ነው። ካናዳ ውስጥ በሦስት ፌዝ መስመር ላይ ጥቁሩም፣ ቀዩም፣ ሰማያዊውም ኮረንቲ አለባቸው፤ ኒውትራሉ ነጩ ነው። የኢንዱስትሪው ቮልቴጅም በአብዛኛው 347/600 ቮልት ነው። የለመደ እጅ ሳያስብ ይሄዳል፤ አደጋው እዚያ ጋ ነው።

«ካልጋሪ ሙያውን እየተማርኩ ነው። ብርዱ ለኤሌክትሪክ ሥራ ምን ለውጥ ያመጣል? ሽቦ ያው ሽቦ አይደል እንዴ?»

ሽቦውስ ሽቦ ነው፣ ጉዱ ያለው ልባሱ ላይ ነው። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ተራ የፕላስቲክ ልባስ ያለውን ገመድ ለማጠፍ ስትሞክሪ እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል። ለብርድ የተሠራ ገመድ አለ። እሱም ቢሆን ከመዘርጋቱ በፊት ጥቅሉ ሙቀት ባለው ወርክሾፕ ውስጥ ቢያድር ነው የሚሻለው።

መልቲሜትርሽም (የኮረንቲ መለኪያሽ) ይበርደዋል። ባትሪው ይደክማል፣ ቁጥሩ እየተንቀራፈፈ ይመጣል፣ አንዳንዴ ጭራሹን አይመጣም። ባዶ ስክሪን አይተሽ «ኮረንቲ የለም» ብለሽ እጅሽን ከሰደድሽ አለቀ። ስለዚህ መልቲሜትሩ ጃኬትሽ ውስጥ ይቀመጣል። መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው በምታውቂው ነገር ላይ ትሞክሪዋለሽ፤ ቀጥለሽ ልትነኪው ያሰብሽውን ትለኪያለሽ፤ ከዚያ ተመልሰሽ በመጀመሪያው ላይ ትደግሚያለሽ። ማጥፊያው ላይ ደግሞ የራስሽን ጓጉንቸር ትቆልፊያለሽ። ቁልፉ ካንቺ ኪስ አይወጣም፣ አለቃ ቢጠይቅም።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን የግራውንዱ (የመሬት መስመሩ) ነገር ነው። ሌላ ቦታ መሬት ውስጥ የምትቀብሪው የብረት ዘንግ ብዙ ያግዝሻል። እዚያ መሬቱ በጋ ከክረምት ከሥሩ በረዶ ነው፤ የቀዘቀዘ አፈር ደግሞ ኮረንቲ በደንብ አያስተላልፍም። ዘንግ ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ የግራውንድ ሽቦው ከገመዱ ጋር አብሮ እስከ ትራንስፎርመሩ ድረስ ይመለሳል። በትልልቆቹ ማሽኖች ተንቀሳቃሽ ገመድ ላይ ይህ ሽቦ ቢበጠስ ወዲያው ኃይሉን የሚቆርጥ ተቆጣጣሪ አለ። እሱ ሲያስቸግር «ለጊዜው እንለፈው» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ሥራውን አቁሚና ለደኅንነት ኃላፊው ንገሪ።

መለዋወጫም ሌላ ጣጣ ነው። ከባድ ዕቃና ነዳጅ የሚገባው በበረዶ መንገድ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ አብዛኛው በቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ የሚያልፍ፣ በዓመት ሁለት ወር አካባቢ ብቻ የሚከፈት። በ2006 ክረምቱ ሞቀና መንገዱ ቶሎ ተዘጋ፤ የቀረው ጭነት በአውሮፕላን መሄድ ነበረበት። ዲያቪክ በ2012 አራት የንፋስ ተርባይኖች የተከለውም ናፍጣ ለመቆጠብ ነው። እናም አንድ ብሬከር ተቃጠለ ብለሽ ሱቅ አትሮጭም። መጋዘን ውስጥ ያለውን በቃልሽ ማወቅ ግማሽ ሙያ ነው።

«ዐቢይ ጾምን እዚያ መጾም ይቻላል?»

ይቻላል፣ ግን እንደ ቤትዎ አይጠብቁ። ፈረቃው የ12 ሰዓት ርዝመት አለው፤ ሰውነት ብርዱን የሚቋቋመው በልቶ ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ መሰላል ላይ መውጣቱን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት። ለምግቡ ከወጥ ቤቱ ኃላፊ ጋር ገና እንደገቡ ይተዋወቁ፤ ሩዝና አትክልት አይጠፋም። በርበሬና ሽሮዎን ከሻንጣዎ አይለዩ። መጠጥ የሚባል ነገር ካምፑ ውስጥ ክልክል ነው፤ በዚህ በኩል ጾሙ ዓመቱን ሙሉ ነው።

«ባለቤቴ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ሁለት ሳምንት ያርፋል። ሲመጣ ግን ተኝቶ ነው የሚውለው። ተለወጠብኝ?»

አልተለወጠም እህቴ፣ የሌሊት ፈረቃ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ተዪው። የቧንቧውንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ነገር በሦስተኛው ቀን አንሺበት።

«ሥራው ያዛልቃል? ቤት ልግዛበት?»

ማዕድን ያልቃል። በ2003 ማምረት የጀመረው ዲያቪክ የማብቂያ ጊዜውን ለ2026 መጀመሪያ ነበር ያቀደው። ሲዘጋም ኤሌክትሪሺያን ለተወሰነ ጊዜ ያስፈልጋል፤ መስመሩን የሚነቅለው ማን ሆነና። የቤት ብድር ስትፈርም ግን ኤድመንተን ወይም ካልጋሪ ብትሠራ በምታገኘው ደመወዝ አስላው። ከማዕድኑ የምታገኘው ትርፍ ደመወዝ ብድሩን ቀድሞ ለመክፈል ይሁን።

«ለማስታወሻ አንዲት ድንጋይ ይዤ ብወጣስ?»

አልማዝ ማውጫ እኮ ነው! ተራ ጠጠርም ብትሆን እንዳትሞክራት። ሲወጡ ፍተሻ አለ፣ ሥራህም እዚያው ይቀራል። ፎቶም ቢሆን ሳታስፈቅድ አታንሳ።