«ሥር የሰደደ» ወይስ «ጥልቅ»?

ጥያቄ፦ ስለ ፈንገስ በሽታ ለጤና ጣቢያ የሚሆን ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። ከቆዳ አልፎ የሚገባውን «ሥር የሰደደ» አልነው፤ ባልደረባችን «ጥልቅ» ይባል ይላል። ስለ ፀረ ፈንገስ መድኃኒቶቹ «አምፎቴሪሲን አንድ ጊዜ፣ ፍሉኮናዞል በ2 ሳምንት» የሚለውንም ይዩልን።

መልስ፦ ሁለቱንም ቃላት ብትተዉ ይሻላል። «ሥር የሰደደ» በሕክምና አማርኛ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ላሉ በሽታዎች የተያዘ ቃል ነው፤ የሚነግረን የበሽታውን ቦታ ሳይሆን ዕድሜውን ነው። ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ የሚያመጣው ማጅራት ገትር ግን አንጎል ድረስ ዘልቆ ካልታከመ በሳምንታት ውስጥ ይገድላል። «ሥር የሰደደ» የተባለ ታካሚ ቀጠሮውን ለሌላ ወር ቢያስተላልፍ አይፈረድበትም። «ጥልቅ» ደግሞ ለጉድጓድና ለሐሳብ እንጂ ለሕመም አፋችን አልለመደውም።

ሐኪሞች የሚመድቡት በቦታው ስለሆነ ቦታውን ጥሩት። ጭርትና ቆረቆር «የቆዳ» ናቸው። በእሾህ ወይም በጭረት የሚገቡት ስፖሮትሪኮሲስና ማይሴቶማ «የቆዳ ሥር»፣ ሳንባን፣ ደምንና አንጎልን የሚይዙት «የውስጥ አካል» ይባሉ። ማይሴቶማን «ዝሆኔ» እንዳትሉት፤ በማይሴቶማ ያበጠው እግር ቀዳዳ አውጥቶ ፍሬ ፍሬ ያለው ፈሳሽ ያፈሳል። በባክቴሪያ የሚመጣ ማይሴቶማም ስላለ ላቦራቶሪ ሳይለየው «የፈንገስ» አይባልም። የፈንገሱ ማይሴቶማ ኢትራኮናዞል የተባለ መድኃኒት ለብዙ ወራት፣ አብዛኛውን ጊዜም ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ የባክቴሪያው ግን በፀረ ባክቴሪያ ይታከማል።

እኔን ይበልጥ ያሰጋኝ የመድኃኒቱ ዓረፍተ ነገር ነው። «አንድ ጊዜ» ያለው ጽሑፍ «በቀን አንድ ጊዜ» ተብሎ ይነበባል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ታካሚዎች የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ግራም ሊፖሶማል (በስብ ቅንጣት የተጠቀለለ) አምፎቴሪሲን የሚያዘው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ይህ መጠን በየቀኑ ቢደገም ኩላሊት ይጎዳል፣ በደም ያለው ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ይወርዳል። ስለዚህ «በመጀመሪያው ቀን ብቻ፤ አይደገምም» በሉ። «ሊፖሶማል» የሚለውንም አትዝለሉ፤ የተለመደው አምፎቴሪሲን መጠኑ ሌላ ነው።

«በ2 ሳምንት» «ሁለት ሳምንት ሲሞላ» ሊመስል ይችላል። ለአዋቂ ፍሉኮናዞል 1200 ሚሊ ግራምና ሌላው ፀረ ፈንገስ ፍሉሳይቶሲን ግን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ «በየቀኑ ለ14 ቀን» ይወሰዳሉ። ቀጥሎ ፍሉኮናዞል 800 ሚሊ ግራም በየቀኑ ለ8 ሳምንት፣ ከዚያ በቀን 200 ነው። እዚህ ላይ «እስኪሻልዎት» የሚል ቃል እንዳይገባ፤ ራስ ምታቱ የተወው ሰው ያን ቀን ያቆማል። «ሐኪምዎ አቁሙ እስኪልዎት» ጻፉ።