የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጁሊ አንድሪውስ መዝፈን ያቆመችው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ» የተባለውን ፊልም ከልጆቼ ጋር በቅርቡ እንደገና አየሁት። ስለ ዋናዋ ተዋናይት ስለ ጁሊ አንድሪውስ ሳነብ ግን ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ገጠሙኝ። «ማይ ፌር ሌዲ»ን በመድረክ የተጫወተችው እሷ ሆና ሳለ ፊልሙ ሲሠራ ቦታዋ ለሌላ የተሰጠው ለምንድን ነው? ያን የመሰለ ድምፅ ይዛስ መዝፈን ለምን አቆመች? አንዳንዶች በዕድሜ ምክንያት ነው ይላሉ። ደግሞስ ከእሷ ሥራዎች ቀጥለን የትኛውን ብናይ ይሻላል? (አንዲት እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ስለ ደብዳቤዎ እናመሰግናለን። ለሁለተኛው ጥያቄዎ አጭሩ መልስ፣ መዝፈን ያቆመችው በዕድሜ ሳይሆን በ1997 በተደረገላት የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ምክንያት መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ያጣችው ነገር ምን ያህል እንደነበር የሚታወቀው ድምፁ እንዴት እንደተገነባ ሲታይ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ብንጀምረው ይሻላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጁሊ የተወለደችው በ1935፣ ከለንደን ብዙም በማትርቀው በዋልተን ኦን ቴምስ ነው። እናቷ ፒያኖ ተጫዋች፣ የእንጀራ አባቷ ቴድ አንድሪውስ ደግሞ ድምፃዊ ስለነበሩ፣ በእንግሊዝ ከተሞች እየተዘዋወሩ ዘፈንና ቀልድ በሚፈራረቁባቸው የትርኢት አዳራሾች ይሠሩ ነበር። የልጅቷ ድምፅ ከዕድሜዋ በላይ መሆኑ ሲታወቅ፣ ሊሊያን ስታይልስ አለን የተባለች ስመ ጥር የሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴቶች የዘፈን ድምፅ) ድምፃዊት እንድታስተምራት ተደረገ። መምህርቷ ከፍ ያለ ድምፅ ማውጣትን ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ቃል ሳይዋጥና ሳይድበሰበስ ከአድማጭ ጆሮ መድረሱንም አጥብቃ ትከታተል ነበር። ይህን የቃላት አወጣጥ ጥራት ልብ ይበሉልን፤ በእኛ አስተያየት ጁሊን ለሰባ ዓመታት በሥራ ላይ ያቆያት ዋናው ሀብቷ እሱ ነውና።

በ1947፣ ገና በ12 ዓመቷ፣ በለንደን ሂፖድሮም «ሚኞን» ከተባለው ኦፔራ የተወሰደ፣ በዕድሜ የበሰሉ ሶፕራኖዎችን ሳይቀር የሚፈትን ዜማ ዘፍና ታዳሚውን አስደነቀች። በማግሥቱ ዓመት በለንደን ፓላዲየም በንጉሣዊው ቤተሰብ ፊት ቀረበች። ከዚያም በቢቢሲ ሬዲዮ፣ በአሻንጉሊት አማካይነት የሚያወራ ቀልደኛ በሚያቀርበው ተወዳጅ ፕሮግራም ላይ ትሳተፍ ጀመር። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አሻንጉሊት የሚያናግር ሰው ጥበቡን ማንም በማያይበት በሬዲዮ ማቅረቡ ዛሬ ሲያስቡት ፈገግ ያሰኛል፤ ጁሊ ግን በድምፅ ብቻ ሰው መስሎ መቅረብን እዚያ ተለማምዳለች።

በ1954፣ 19 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀረው፣ «ዘ ቦይ ፍሬንድ» በተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ኒው ዮርክ በሚገኘው ብሮድዌይ መድረክ ላይ ወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው «ማይ ፌር ሌዲ» ነው ስሟን የተከለው። ኢላይዛ ዱሊትል የተባለችውን አበባ ሻጭ ወክላ ስትጫወት፣ የንግግር ሥርዓት የሚያስተምራትን ፕሮፌሰር የተጫወተው ሬክስ ሃሪሰን ነበር። መጀመሪያ ላይ ልምምዱ አልሆነላትም። በመዝፈን የሚያህላት ባይኖርም፣ ትወናዋ ግን ገና ነበር፤ ዳይሬክተሩ ሞስ ሃርት ሌሎቹን ተዋንያን አሰናብቶ ቅዳሜና እሑድን ከእሷ ጋር ብቻ በመቀመጥ፣ እያንዳንዱን ትዕይንት ቃል በቃል እያስጠናና ያለ ርኅራኄ እያረመ አሠራት። በመጋቢት 1956 መጋረጃው ሲከፈት ተቺዎች በአንድ ድምፅ አደነቋት፤ ኢላይዛንም በኒው ዮርክና በለንደን በድምሩ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ተጫወተቻት። በዚያው መካከል፣ በ1957፣ በቀጥታ በቴሌቪዥን የተላለፈው «ሲንድሬላ» ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመልካች እንደነበረው ተዘግቧል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ደርሰናል። የፊልሙን መብት በ5.5 ሚሊዮን ዶላር የገዛው የስቱዲዮ ባለቤት ጃክ ዋርነር፣ ይህን ያህል ገንዘብ ካወጣ በኋላ ትኬት የሚሸጥለት የታወቀ ስም ፈለገ። ጁሊ በብሮድዌይ ንግሥት ብትባልም አንድም ፊልም ሠርታ ስለማታውቅ፣ በየአገሩ ሲኒማ ቤት የሚገባው ሕዝብ አያውቃትም ነበር። ስለዚህ ቦታው ለኦድሪ ሄፕበርን ተሰጠ፤ ዘፈኖቹን ግን በአብዛኛው በሄፕበርን ፈንታ የዘፈነችው ማርኒ ኒክሰን ናት። (ይህችው ኒክሰን በ«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ» ከመነኮሳቱ አንዷ ሆና በገዛ ፊቷ ታይታለች፤ ከልጆችዎ ጋር ሊፈልጓት ይችላሉ።)

በዚሁ ጊዜ ዋልት ዲዝኒ ጁሊን «ካሜሎት» በተባለው ተውኔት ላይ አይቷት ኖሮ፣ ከመድረክ ጀርባ ሄዶ «ሜሪ ፖፒንስ»ን እንድትሠራለት ጠየቃት። ነፍሰ ጡር መሆኗን ስትነግረው እስክትወልድ እንደሚጠብቃት ገለጸላት፤ ጠበቃትም። ሁለቱም ፊልሞች በ1964 ወጡ። በ1965 በተካሄደው የኦስካር ሽልማት «ማይ ፌር ሌዲ» የዓመቱ ምርጥ ፊልም ሲባል፣ ሄፕበርን በዕጩነት እንኳ ሳትቀርብ ቀረች፤ የምርጥ ተዋናይት ሽልማቱን የወሰደችው ጁሊ ነበረች። ከዚያ ቀደም ብሎ በጎልደን ግሎብ መድረክ ላይ፣ ይህ ሁሉ እንዲሆን ስላስቻለ ጃክ ዋርነርን በፈገግታ አመስግናዋለች።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ በቀል ይተረካል፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ሄፕበርን የማንንም እንጀራ አልቀማችም፤ ዋርነርም ቢሆን እንደ ነጋዴ ያሰበው አልከሸፈበትም፤ ፊልሙ ስምንት ኦስካር ወስዷል። የተሳሳተው ፊትን ከአንዷ፣ ድምፅን ከሌላዋ ወስዶ አንድ ኢላይዛ መሥራት ይቻላል ብሎ በማሰቡ ነው፤ ታሪኩ በሙሉ አንዲት ሴት በአንደበቷ ስለምትለወጥበት ነገር ሆኖ ሳለ።

በ1965 የወጣውን «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ»ን ስለሚያውቁት ብዙ አንልበትም፤ በመክፈቻው ላይ በተራራው አናት እየዘፈነች ስትሽከረከር፣ የካሜራ ባለሙያውን የያዘው ሄሊኮፕተር በተመለሰ ቁጥር ነፋሱ መሬት ላይ ይጥላት እንደነበር ግን ራሷ ተናግራለች። ከዚያ በኋላ ግን የታላላቅ ሙዚቃዊ ፊልሞች ዘመን እያለፈ ስለሄደ፣ በ1968 «ስታር»፣ በ1970 ደግሞ «ዳርሊንግ ሊሊ» ከባድ ኪሳራ ደረሰባቸው። በ1969 ያገባችው ዳይሬክተሩ ብሌክ ኤድዋርድስ በ1982 ያዘጋጀው «ቪክተር ቪክቶሪያ» ለሦስተኛ ጊዜ ለኦስካር አሳጫት። በ1995 ይኸው ታሪክ በብሮድዌይ ተውኔት ሆኖ ሲቀርብ ዋናውን ቦታ እንደገና ይዛ ተመለሰች፤ በማግሥቱ ዓመት ግን ከመላው ቡድን ለብሮድዌይ ተውኔቶች ለሚሰጠው የቶኒ ሽልማት የታጨችው እሷ ብቻ በመሆኗ፣ ባልደረቦቼ ተዘንግተዋል ብላ ዕጩነቱን አልቀበልም አለች።

በ60 ዓመት ዕድሜ በየምሽቱ መዝፈን ድምፁን ጎዳው። በ1997 ትርኢቱን አቋርጣ በኒው ዮርክ ሆስፒታል በድምፅ አውታሮቿ ላይ ለታየው፣ ካንሰር ላልሆነ እክል ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ስትነቃ የሚጠበቀው መሻሻል አልመጣም፤ ያ የጠራና ከፍ ያለ የዘፈን ድምፅ ጠፋ። በ1999 በሐኪሞቹና በሆስፒታሉ ላይ ክስ መሠረተች፤ ጉዳዩም በ2000 በስምምነት ተዘጋ። ስለዚህ «ዕድሜ ነው» የሚሉት ሰዎች ፈጽሞ ተሳስተዋል ባይባልም፣ በዕድሜ የሚደክም ድምፅ ቀስ በቀስ ይቀንሳል እንጂ እንዲህ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም።

የንግግር ድምፁ ግን ተርፎላት ነበር፤ የስታይልስ አለን ትምህርትም አብሮት ተርፏል። በ2001 «ዘ ፕሪንሰስ ዳያሪስ» ላይ አያትና ንግሥት ሆና ለአዲሱ ትውልድ ተዋወቀች፤ በ2004 በወጣው ክፍል ሁለት ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግማሹን በንግግር፣ አንድ አጭር ዘፈን ዘፍናለች። «ሽሬክ 2» በተባለው የካርቱን ፊልም የንግሥቲቱ ድምፅ እሷ ናት። ከልጇ ከኤማ ዋልተን ሃሚልተን ጋር በርካታ የልጆች መጻሕፍት ጽፋለች። ከ2020 ጀምሮ «ብሪጅርተን» የተባለውን ተከታታይ ድራማ የምትተርከው የሌዲ ዊስልዳውን ድምፅም የጁሊ ነው፤ በምስል አንድም ጊዜ ሳትታይ፣ ተመልካች ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይለያታል።

ስለ ሦስተኛው ጥያቄዎ፦ ከልጆችዎ ጋር ከሆነ ያለ ጥርጥር «ሜሪ ፖፒንስ»ን፣ ቀጥሎም «ዘ ፕሪንሰስ ዳያሪስ»ን ይዩ። «ቪክተር ቪክቶሪያ» የትወና ብቃቷ ከሁሉም በላይ የታየበት ሥራ ነው ብለን እናምናለን፤ ይዘቱ ግን ለአዋቂዎች ስለሆነ እሱን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይመልከቱት።