ለአሮጌ ቴሌቪዥን የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ስለ መጨመር

ወንድሜ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ የድምፅ ማጉያውን ሽቦ ቆርጬ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ልበይድበት ወይ ላልከው፣ እባክህ አትቸኩል። በብዙ አሮጌ፣ ጀርባቸው ወፍራም በሆኑ ቴሌቪዥኖች ውስጥ የቦርዱ መሬት (ግራውንድ የሚባለው የጋራ መመለሻ መስመር) ከ220 ቮልቱ መስመር አልተነጠለም። ማዳመጫውን ስታጠልቅ የቤቱን ኤሌክትሪክ ጆሮህ ላይ አሰርኸው ማለት ነው። የሥዕል ቱቦውም (ምስሉ የሚታይበት ትልቁ መስታወት) ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ኃይል ይዞ ይቆያል። እኔ እዚህ አዳማ ብየዳ የምወድ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ግን ክዳኑንም አልከፍትም።

የምታየው በዲሽ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከሪሲቨሩ ቀይና ነጭ የድምፅ መውጫ ላይ ትንሽ የማዳመጫ አምፕሊፋየር (ድምፅ አጎልባች) ሰካ፤ ማዳመጫህን እሱ ላይ ታደርጋለህ። ማዳመጫውን በቀጥታ ብትሰካው ድምፁ ደካማ ይሆንብሃል። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝጋና አምሽተህ እይ።