ግዳጅ ላይ ላለ ወታደር የሚላክ ስንቅ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የምመልሰው ስለ ስንቅ ነው። በሶ መበጥበጥና ዳቦ ቆሎ መቁላት የማያውቅ እዚህ የለም ብዬ ነው የምነሣው። ነገር ግን ለቤት የሚቆላና ለመንገድ የሚቆላ አንድ አይደለም። የመንገዱ ስንቅ በጭነት መኪና ላይ ፀሐይም ዝናብም እየተፈራረቀበት ሳምንታት ሊከርም ይችላል። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ደግሜም እናገራለሁ። አንደኛ፣ ያልደረቀና ያልቀዘቀዘ ነገር አይታሸግም። ሁለተኛ፣ ልጁ ያለበትን ቦታና የክፍሉን ስም እዚህ አትጻፉ፤ ጥቅሉንም ፎቶ አንሥታችሁ አትለጥፉ።

ከፒያሳ፦ እትዬ፣ ዳቦ ቆሎ በደንብ ተቆልቶም ሲደርስ ይሻግታል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ላዩ ተቆልቶ ውስጡ ስላልደረቀ ነው። ኃይለኛ እሳት ላዩን ቶሎ ያቀላዋል፤ የውስጡ እርጥበት እዚያው ይቀራል። ፌስታል ውስጥ ሲገባ ቀስ እያለ ይወጣና ሁሉንም ያለሰልሳል፤ ሻጋታው ከዚያ ይከተላል።

ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት አንድ የቡና ሲኒ ከግማሽ ዘይት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከወደዳችሁ ጥቂት በርበሬ ወይም ስኳር። ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ሊጡ እጅ ላይ የማይጣበቅ፣ ጠንከር ያለ ይሁን። እርሾ አታስገቡ፤ የተነፋ ዳቦ ቆሎ ውስጡ ክፍት ስለሚሆን በጉዞ ይፈረፈራል። ሊጡን ከእርሳስ ሳታወፍሩ አድቦልቡሉና ሽምብራ በሚያህል መጠን ቁረጡ። መጠኑ እኩል ካልሆነ ትንሹ ሲያርር ትልቁ ጥሬ ይቀራል። ለዘብ ባለ እሳት፣ እጅ ሳይቋረጥ እያገላበጣችሁ ቁሉ። ሲቀላ ምጣዱን አጥፉና እዚያው በቀረው ሙቀት ተዉት፤ ዋናው መድረቅ ያኔ ነው። ከዚያ ከመሐል አንድ ፍሬ አንሥታችሁ እስኪበርድ ጠብቁና ስበሩት። ቀጭ ካለ ደርሷል። ከተጣመመ ወደ ምጣዱ ይመለስ። በትኩሱ አትሞክሩት፤ ትኩስ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው፣ ያሳስታችኋል።

በዘይት የተጠበሰው ይጣፍጣል፤ አውቃለሁ። ለመንገድ ግን አይሆንም። ዘይቱ በሙቀት ጠረኑ ይለወጥና ሙሉው ከረጢት ይጣላል።

ከስድስት ኪሎ፦ በሶስ? ከወፍጮ ቤት መጥቶ በቀጥታ ማሸግ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ የብዙው በሶ መበላሻ ይኸው ነው። ዱቄት ከወፍጮ የሚወጣው ትኩስ ሆኖ ነው። በትኩሱ ፌስታል ውስጥ ከገባ ያልበዋል፤ ላቡ ተመልሶ ዱቄቱን ያጓጉለዋል። ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት፣ ንፉት፣ ከዚያ እሸጉ።

ከወፍጮው በፊት ያለውንም ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ገብሱ ይለቀም፤ ትንሽ ይርጠብና ይሸክሸክ፤ ገለባው ይበጠር፤ እንደገና ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ሳይደርቅ የተቆላ ገብስ ላዩ ያርና ልቡ ጥሬ ይሆናል። አንድ ፍሬ በጥርስ ስበሩ፤ ውስጡ ነጭ ጥሬ ካለው በሶው ሆድ ይነፋል፤ ግዳጅ ላይ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት በርበሬ ተፈጭቶ እንደሆነ ጠይቁ። ተፈጭቶ ከሆነ አንድ ሁለት ኪሎ ተራ ገብስ አሳልፋችሁ ወፍጮውን አጽዱ።

ጨውም ስኳርም በሶው ውስጥ አትቀላቅሉ። ሁለቱም እርጥበት ይስባሉ። ለየብቻ በትንንሽ ፌስታል ቋጥራችሁ አብራችሁ አስገቡ። በሶ ተወዳጅ ስንቅ የሆነው እሳት ስለማይፈልግ ነው፤ ኩባያና ውሃ ይበቃዋል፤ ጭስም አያስነሣም።

ከሜክሲኮ፦ ምን ምን ልላክ?

መልስ፦ ለስንት ሰው? በምን ይሄዳል? ቆላ ነው ደጋ? ይጾማል? ይህን ሳትነግሩኝ ምን ልበላችሁ። ቦታውን አልጠየቅሁም፤ ቆላ ወይም ደጋ ብቻ በሉ።

ከሜክሲኮ፦ ይቅርታ። ለአንድ ሰው፣ ቆላ፣ ለእረፍት መጥቶ የሚመለስ ጓደኛው ይወስድለታል።

መልስ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ። ተሸካሚው የራሱም ዕቃ አለው፤ ከአራት ኪሎ አታስበልጡ። በሶ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ዳቦ ቆሎ አንድ ኪሎ፣ ቆሎ ግማሽ ኪሎ። ሁሉም በግማሽ በግማሽ ኪሎ ይታሸግ፤ ትልቅ ከረጢት አንዴ ከተከፈተ አቧራና እርጥበት ይገባበታል። የቀረው ለካልሲ፣ ለሳሙናና ለደብዳቤ።

ከለገሃር፦ ጭኮ ለምን አልተነሣም? በደንብ በነጠረ ቅቤ የተሠራ ጭኮ ወራት ይቆያል። ከበሶው በላይ ኃይል ይሰጣል።

ከተክለ ሃይማኖት፦ የሚቆየው ደጋ፣ እቤት ውስጥ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ነው። በፌስታል ቆላ ወርዶ ማን ያየዋል?

ከለገሃር፦ አያቶቻችን ፌስታልም ማቀዝቀዣም አልነበራቸውም፤ ይዘውት ይዘምቱ ነበር።

ከተክለ ሃይማኖት፦ በቆዳ ዕቃ ነበር የያዙት። አሁን የሚላከው በዚያ አይደለም።

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ ግን ክርክሩ ከጥያቄው ወጣ። ጭኮ ለደጋ ይላካል፤ ቅቤው ውሃው ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ የነጠረ ይሁን፣ ጠበቅ ብሎ የሚዘጋ ዕቃ ይሁን፣ ለብቻው ይታሸግ። ለቆላ አይላክም። ቅቤ በቆላ ሙቀት ይቀልጣል፤ ከፌስታሉ ይወጣና ዳቦ ቆሎውንም ካልሲውንም ያበላሻል።

ከመርካቶ፦ ቋንጣስ? በጋራ ለሚላከው ማዋጣት ፈልገን ነበር።

መልስ፦ ለምታውቁት አንድ ሰው ከሆነ ላኩ። ጮማው ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ቶሎ የሚበላሸው ጮማው ነው። ቀጭን ተዘልዝሎ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ተሰቅሎ፣ ሲያጥፉት እስኪሰበር ይድረቅ። በክረምት አዲስ አበባ ላይ አትሞክሩት፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። በርበሬውንም አታብዙ፤ ሻጋታ ይደብቃል።

በጋራ ለሚላክ ግን ሥጋም ቅቤም አይግባ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል የሚበሉት ይሁን፤ የማን እርድ እንደሆነ የማይታወቅ ሥጋ ግማሹን ሰው ያስቀራል። የሚጾመው ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አለበት፣ ዐቢይ ጾም አለበት። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ማንንም አይለዩም። ከቤተሰብ ለአንድ ሰው በሚላክ ጥቅል ላይ ደግሞ «ጾም» ወይም «ፍስክ» ብላችሁ ጻፉ፤ የተሠራበትን ቀንም ጨምሩ።

ከአራት ኪሎ፦ ዕድራችን ለመቶ ወታደር ሊያዘጋጅ አስቧል። ስንት እህል ይበቃል?

መልስ፦ ለአንድ ሰው አንድ ኪሎ በሶና ግማሽ ኪሎ ዳቦ ቆሎ ብላችሁ ተነሡ። ለ100 ኪሎ በሶ 130 ኪሎ ገብስ ያዙ፤ በሽክሸካ፣ በማበጠርና በቁሌት ይቀንሳል። ለዳቦ ቆሎው 50 ኪሎ ዱቄትና አምስት ሊትር ዘይት። ገብሱን ከእህል በረንዳ ገበያ አንድ ላይ ግዙት፤ ከየቤቱ የተዋጣ ገብስ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ይሆንና ቁሌቱ እኩል አይወጣም።

ዱቄቱን አምስት አምስት ኪሎ አድርጋችሁ ለአሥር ቤት አከፋፍሉ፤ ልኬቱ አንድ ይሁን፣ በጽሑፍ ይሰጥ። አሁን ዋናው፦ ሲሰበሰብ በአንድ ማዳበሪያ አትቀላቅሉት! የአንድ ቤት ያልደረቀ የዘጠኙን ያበላሻል። እያንዳንዱ ቤት ያመጣውን አንድ ሰው እየሰበረ ይፈትሽ፤ ያልደረሰው ይመለስ። የመለሳችሁባትን ሴት አታሳፍሯት፤ ድጋሚ ምጣድ ላይ ብታደርገው ይስተካከላል። ማስረከቡን በተመለከተ በወረዳችሁ ጠይቁ፤ በደረሰኝ ይሁን።

ከመርካቶ፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በቴሌብር ብር መላክ አይሻልም?

ከፒያሳ፦ ሱቅ በሌለበት ብር ምን ያደርግለታል?

ከመርካቶ፦ ለእረፍት ሲወጣ ይጠቀምበታል፤ ለምግቡ ግን የሠራዊቱ ቀለብ አለ።

መልስ፦ ብር መላክ የሚችል ይላክ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ግን «ቀለብ አለ» ብሎ ስንቅ መተውን አልቀበለውም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሕዝብ ስንቁን ከቤቱ ሰንቆ ነው የወጣው፤ የካቲት ላይ ደግሞ ስንቅ እያለቀ ምን ያህል እንደተቸገረ ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ቀለብ አለ፣ እውነት ነው። የእናት እጅ ያለበት በሶ ግን ከቀለብ ጋር አይቆጠርም። አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ለጓድ ሁሉ ይዳረሳል፤ ያ ሰዓት ለሁሉም እቤት እንደመድረስ ነው።

ከስድስት ኪሎ፦ ካልሲና ሳሙና ያላችሁትን ከምግቡ ጋር አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ሳሙናውን አይቻልም። በሶ ጠረን ይጠጣል፤ በአንድ ሳምንት ሳሙና ሳሙና ይላል። ሳሙናውን በሁለት ፌስታል፣ ከዚያ በካልሲው ውስጥ፣ ከምግቡ ራቅ አድርጉ። ካልሲ ወፈር ያለ፣ ጥቁር ወይም አረንጓዴ፣ ሦስት ጥንድ። ነጭ ነገር አትላኩ። ምላጭ፣ ቫዝሊን፣ መርፌና ክር ቦታ አይፈጁም። ክብሪት በአውሮፕላን አይሄድም።

ከተክለ ሃይማኖት፦ ተማሪዎች ለማያውቁት ወታደር ደብዳቤ ሊጽፉ ነው። ምን ይባሉ?

መልስ፦ የልጁ ስም ብቻ፤ የአባት ስም፣ ትምህርት ቤትና አድራሻ አይጻፍ። መምህሩ ሁሉንም ያንብብ፤ ሕፃናት «ሰው ገድለሃል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ያ ደብዳቤ አይሂድ። ሥዕል ይበዛበት። በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ፊልት ማርከር ውሃ ሲነካው ይፈሳል።

ቤተሰብ ለራሱ ሰው ሲጽፍ ደግሞ ደብዳቤውን ቁጥር ይስጠው፤ ሦስተኛው ደርሶ ሁለተኛው ከቀረ ልጁ ያውቃል፣ «ረሱኝ» አይልም። ከዚያ ሆኖ ሊፈታው የማይችለውን የቤት ጭቅጭቅ አትጻፉለት። ትንንሹን ጻፉ፦ ታናሽ እህቱ ስንተኛ ወጣች፣ በሩ ምን ቀለም ተቀባ፣ ጎረቤት ማን ወለደ። «የት ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁት።

ከለገሃር፦ ውጭ አገር ሰላም ለማስከበር ለሄዱትስ?

መልስ፦ ምግብ ድንበር ሲሻገር ሌላ ሕግ አለው። በክፍሉ በኩል ጠይቁ።

ከሜክሲኮ፦ በሶው ማታ ተፈጭቶ ጠዋት መኪናው ከሄደስ? ለማቀዝቀዝ ጊዜ ከሌለ?

መልስ፦ ይህን ስናገር ሦስተኛ ጊዜ ነው፤ ያልቀዘቀዘ አይታሸግም። ሌሊቱን አንሶላ ላይ ተዘርግቶ ይደር፣ ንጋት ላይ ይታሸግ። ካልበረደ በዚያ መኪና አይሂድ፤ ቆሎውና ደብዳቤው ይቅደሙ፣ በሶው በሚቀጥለው ይከተል።